የኮራል አኳሪየምን ወደ ትልቅ ገንዳ ማዛወር፦ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው ገንዳ የሚቀይረው ዓሣው ስላስገደደው ነው። ከቀይ ባሕር የሚመጣው ሐምራዊ ታንግ ሲገዛ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ነው፤ ሲያድግ ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የሚውል ዓሣም ነው። 200 ሊትር ገንዳ ይጠበዋል። እዚህ የማስረዳው ከ200 ሊትር ወደ 450 ሊትር የሚደረገውን ዝውውር ነው፤ ልኩ ቢለያይም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። ገንዳውን ንጹሕ አድርገው የሚያቆዩት ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፉ አይኖሩም። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት እነዚህ ፍጥረታት ድንጋዩ ላይ፣ አሸዋው ላይና ማጣሪያው ላይ ተጣብቀው ነው ያሉት። ስለዚህ አሮጌውን ውሃ ጠብታ ሳይቀር ለማጓጓዝ መድከም ትርፉ ድካም ነው። ድንጋዩ ደርቆ ባክቴሪያው ከሞተ ግን ባዶ ገንዳ እንደ አዲስ ከመጀመር አይሻልም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ድንጋዩን እርጥብና ሙቅ አድርጎ ለማቆየት፣ ዓሣውንም በመጨረሻ ለማውጣት የተደረደረ ነው።

1. ቦታውና ገንዳው (ከሳምንት በፊት)

450 ሊትር ገንዳ ከውሃው፣ ከድንጋዩ፣ ከአሸዋውና ከመደርደሪያው ጋር ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝናል። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ አያሳስብም። አሜሪካ ውስጥ እንደሚበዛው የእንጨት ወለል ከሆነ ግን ገንዳውን ሸክም ተሸካሚ ግድግዳ ሥር፣ የወለሉን ተሸካሚ እንጨቶች አቋርጦ እንዲያርፍ ያድርጉት፤ ጥርጣሬ ካለ ባለሙያ ይየው። መደርደሪያውን በውሃ ልክ ያስተካክሉ። ከዚያ የቧንቧ ውሃ ሞልተው ሁለት ቀን ያቆዩትና መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በደረቅ ሶፍት እየነኩ ይፈትሹ። የሚያንጠባጥብ ካለ አሁን ይታወቅ።

ከታች ሳምፕ (ውሃው ወርዶ የሚጣራበት ሁለተኛ ገንዳ) ካለው ደግሞ ፓምፑን ከሶኬት ነቅለው ይመልከቱ። መብራት ሲጠፋ ከላይ የሚወርደው ውሃ ሳምፑን ሞልቶ ወለሉ ላይ መፍሰስ የለበትም። ይህን ሙከራ ዘሎ የሚያልፍ ሰው አንድ ሌሊት ወለል ሲወለውል ያድራል።

2. ውሃው

ድንጋዩና አሸዋው ቦታ ስለሚይዙ 450 ሊትሩ ገንዳ የሚፈልገው ውሃ 400 ሊትር ገደማ ነው። ከአሮጌው ገንዳ የላይኛውን ንጹሕ ውሃ 100 ሊትር ያህል ይወስዳሉ፤ ጥቅሙ እንስሳቱ የለመዱትን የውሃ ጠባይ ይዞ መሄዱ ነው። የቀረውን 300 ሊትር፣ ለክፉ ቀን ደግሞ 50 ሊትር ትርፍ፣ አስቀድመው ያዘጋጁ። በሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም ጨው ሲታሰብ 13 ኪሎ ገደማ ይፈጃል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪንና መዳብ ሊኖርበት ስለሚችል የሚጨመረው በአርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ብቻ ነው። የቤት ማጣሪያ ይህን ሁሉ ለማውጣት ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በዋዜማው ማታ አይጀመርም። ጨዉን ከበጠበጡ በኋላ በፓምፕና በማሞቂያ አንድ ቀን ሙሉ እየተንቀሳቀሰ ይቆይ። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ 35፣ አልካሊኒቲው ደግሞ ከአሮጌው ገንዳ ጋር እኩል መሆኑን ይለኩ። ኮራል ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ቁጥር ይችላል፤ የማይችለው ድንገተኛ ለውጥን ነው።

ጅዳ ወይም ዱባይ ለሚኖሩ ሰዎች ከባሕሩ በጀሪካን መቅዳት ያጓጓ ይሆናል። የቀይ ባሕርም ሆነ የባሕረ ሰላጤው ጨዋማነት 40 ገደማ ነው። 35 ላይ የኖረ ገንዳ ውስጥ እንዳለ ቢገለበጥ እንስሳቱን ይጎዳል፤ የወደብ ዳርቻ ውሃማ ዘይትና ቆሻሻም አያጣውም።

3. የአሸዋው ጉዳይ

ዝውውር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ዓመታት የቆየ አሸዋ በላዩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ግን የዓሣ ኩስና የምግብ ትራፊ አምቆ ይዟል። ወፈር ያለ ከሆነ ከታች የጠቆረ ሽፋን ያገኙበታል፤ ሲነካካ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ያ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ዓሣ ይገድላል። አሸዋውን በአካፋ ዝቆ አዲሱ ገንዳ ውስጥ መገልበጥ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ መበተን ነው።

የእኔ ምክር አዲስ አሸዋ ይግዙ ነው፤ ከሌላው ወጪ አንጻር ርካሽ ነው። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይጠቡት። ከአሮጌው አሸዋ ከላይ ብቻ አንድ ሁለት ኩባያ ቀንሰው ለዘር ያህል ይጨምሩበት። አሮጌውን አልጥልም የሚል ሰው ደግሞ በባልዲ እያደረገ ደጋግሞ አጥቦ፣ መጨረሻ ላይ በአርኦ ውሃ ያለቅልቀው። ባክቴሪያው ይሞታል ብለው አይስጉ፤ ድንጋዩ ይበቃል።

4. የዝውውሩ ቀን

ዓሣውን ከዋዜማው ጀምሮ አይመግቡ። ሁለቱ ገንዳዎች ጎን ለጎን የሚቆሙበት ቦታ ካለ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። አዲሱ በአሮጌው ቦታ የሚተካ ከሆነ ግን ለኮራል፣ ለድንጋይና ለዓሣ የተለያዩ ትልልቅ ሳፋዎች ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዳቸው ማሞቂያና ትንሽ ፓምፕ ይኑራቸው። ሳሙና ነክቷቸው የማያውቁ ይሁኑ።

በመጀመሪያ አሸዋው ሳይነካካ ንጹሑን ውሃ በቱቦ ስበው ያስቀምጡ። ቀጥሎ ኮራሎቹ ይወጣሉ። እንደ ቶርች ያለ ሥጋው የተንዠረገገ ኮራል እንደተዘረጋ ከውሃ ከወጣ በገዛ ክብደቱ ይቀደዳል፤ ስለዚህ አስቀድመው በእጅዎ ውሃውን ወደ እሱ ገፋ ገፋ ያድርጉ። ወደ አጽሙ ሲሰበሰብ ያንሱት። አኔሞን ከድንጋይ ጋር ከተጣበቀ ከነድንጋዩ ይሂድ፤ እግሩ ከተቀደደ የመዳን ዕድሉ ጠባብ ነው።

ዞአንቲድ ያለበትን ድንጋይ ሲይዙ ጓንትና መነጽር ያድርጉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው፤ በቆሰለ እጅ ወይም በዓይን ይገባል። ድንጋዩን ማፍላት ደግሞ በፍጹም አይሞከርም። እንፋሎቱን የተነፈሱ ቤተሰቦች ሆስፒታል የገቡባቸው አጋጣሚዎች አሉ።

ከዚያ ድንጋዩ ይወጣል፣ ውሃው ስንዝር ያህል ሲቀር ደግሞ ዓሣው። መደበቂያ ስለሌለው ያለ ሩጫ ይያዛል። ታንግ ጅራቱ ሥር እንደ ምላጭ የተሳለ እሾህ ስላለው መረብ ላይ ይጠለፋል፣ እጅም ይቆርጣል፤ ውስጡ በሚታይ የፕላስቲክ ዕቃ ከነውሃው ይቅዱት። ሳፋውን ይክደኑ፤ የደነገጠ ዓሣ ይዘላል።

ወደ አዲሱ ሲገባ ድንጋዩ በቀጥታ መስተዋቱ ላይ ይቀመጥ፤ አሸዋ ላይ ከቆመ ጉድጓድ የሚቆፍር ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ሥሩን ምሶ ይንደዋል። አሸዋው በዙሪያው ይፍሰስ፣ ውሃው ደግሞ ሳህን ላይ እየወረደ ቀስ ብሎ ይሞላ። ደመናው ገለል ሲል፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱ መግጠሙን አረጋግጠው ኮራሉን፣ በመጨረሻም ዓሣውን ያስገቡ።

5. ከዚያ በኋላ

ለሁለት ሳምንት አሞኒያን በየቀኑ ይለኩ። ብቅ ካለ ያ 50 ሊትር ትርፍ ውሃ ለዚሁ ነው። ምግብ ቀነስ ያድርጉ። ቡናማ ቅባት የመሰለ ነገር አሸዋውን ቢያለብሰው ዳያተም ነው፤ መድኃኒት አይግዙለት፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

መብራቱ አዲስና ኃይለኛ ከሆነ በግማሽ ኃይል ጀምረው በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ ከፍ ያድርጉት። ኮራሎቹ መጀመሪያ ታች ይቀመጡ። የነጣ ኮራል የብርሃን ብዛት ሰለባ ሊሆን ይችላል።

ካልሲየምና አልካሊኒቲ የሚጨምሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ውሃው በእጥፍ ስለጨመረ መጠኑን በእጥፍ ያሳድጋሉ። የሚበላው ግን ኮራሉ ነው፣ እሱም አልጨመረም። የበፊቱን መጠን ይዘው ይለኩና እንደ ውጤቱ ያስተካክሉ።

ለአንድ ወር ያህል አዲስ ዓሣ አይግዙ። አሮጌውንም ገንዳ ለመሸጥ አይቸኩሉ፤ ያለ ሳሙና በኮምጣጤ አጥበው ያድርቁት፤ አዲስ ዓሣ ሲመጣ ከሌሎቹ ተለይቶ ጥቂት ሳምንት የሚቆይበት ቦታ ይሆነዋል።