የድረ ገጽ ማስተካከያ ከመምረጥዎ በፊት

የትምህርት ቤትዎ ስልክ ሲቀየር ወይም የምዝገባው ቀን ሲራዘም፣ ድረ ገጹን የሠራውን ልጅ ደጅ መጥናት አይገባዎትም። ዎርድፕሬስ፣ ዊክስ፣ ስኩዌርስፔስና ጉግል ሳይትስ ኮድ ለማያውቅ ሰው የተሠሩ ናቸው፤ ጽሑፉን ነክተው ያርማሉ፣ ያትማሉ። በማሳያቸው ውበት ግን አይወስኑ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) በማን ስም ተመዘገበ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ባለሙያው በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል። ከእሱ ጋር ሲለያዩ አድራሻዎም አብሮት ይቀራል። በድርጅቱ ስም፣ ሠራተኛ ሲለቅ በማይጠፋ ኢሜይል ያስመዝግቡት።

ቀጥሎ፦ መውጣት ቢፈልጉ ይችላሉ? በዊክስ የተሠራ ድረ ገጽ የሚሠራው በዊክስ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው፤ እንዳለ አንስተው ሌላ ቦታ ሊተክሉት አይችሉም። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነጻ የሚሰራጨው ዎርድፕሬስ ግን ጽሑፍዎን በፋይል አውጥተው ወደ ሌላ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር) እንዲወስዱ ያስችላል። ዋጋውም አለው፦ በራስዎ ሆስቲንግ ላይ ከጫኑት እሱንና ፕለጊኖቹን (ተጨማሪ መሣሪያዎቹን) በየጊዜው ማዘመን የእርስዎ ሥራ ነው። ችላ ከተባለ ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታል።

የአማርኛው ጉዳይ በደንብ ይታይ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የጋራው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ቢሆንም ብዙ መሥሪያ ቤት በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች አሉት። እነዚያን ኮፒ አድርገው ሲለጥፉ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይወጣል። ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደ አዲስ መተየብ ግድ ነው። የመረጡት ዲዛይን ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለውም ብራውዘሩ በሌላ ይተካዋል፤ ያማረው ርዕስ በእንግሊዝኛ እንጂ በአማርኛ አያምርም። ስለዚህ ናሙናውን በራስዎ አማርኛ ጽሑፍ ይሙሉት፣ በስልክም ይዩት።

ክፍያውስ? አብዛኞቹ በዶላር፣ በካርድ ነው የሚቀበሉት። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚከፍልልዎ ከሆነ ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ማን ያድሳል? ይህን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ያልታደሰ ድረ ገጽ ይዘጋል።

ድረ ገጹ ላይ ለምትጽፈው ጸሐፊ የአስተዳዳሪነት ሳይሆን የአርታኢነት ፈቃድ ብቻ ይስጧት፤ በስህተት ዲዛይኑን እንዳትነካ። የተሰረዘ ጽሑፍ መመለስ መቻሉንም ያረጋግጡ። ከስልክ የተነሱ ፎቶዎችን ሳያሳንሱ አይጫኑ፤ የጎብኚዎን ዳታ ይበላሉ።

ከመክፈልዎ በፊት ነጻ ሙከራውን ከፍተው፣ ዕለት ተዕለት የምትሠራበት ሠራተኛ ያለ ማንም እርዳታ አንድ ማስታወቂያ እንድታወጣ ያድርጉ። እሷ ከተቸገረች መሣሪያው ለእናንተ አይሆንም።

አድራሻና የሥራ ሰዓት ብቻ ለሚያሳይ አንድ ገጽ ጉግል ሳይትስ በነጻ ይበቃል። በየሳምንቱ ዜና ለሚያወጣ ትምህርት ቤት ምርጫዬ ዎርድፕሬስ ነው፤ ማዘመኑን የሚከታተል ሰው ካልመደቡ ግን አይጀምሩት።