ከልብስ መቆንጠጫ የሚሠራ የቤት ማንቂያ ደወል

ሌባ ሲገባ የሚጮህ መሣሪያ ሲባል ብዙ ሰው ውድ የፋብሪካ ዕቃ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በ1853 እ.ኤ.አ. ኦገስተስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የሌባ ደወል የሚሠራው በር ሲከፈት የኤሌክትሪክ መስመር እንዲገናኝና ደወሉ እንዲመታ በማድረግ ነበር። ይኸው ዘዴ ዛሬም በእጃችን ይሠራል። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ለሚመደብ መምህርም ቤቱን መጠበቂያና የሳይንስ ማስተማሪያ ይሆነዋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሀ. ሞላ ያለው አንድ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ የልብስ መቆንጠጫ
ለ. ባለ 1.5 ቮልት ሁለት የባትሪ ድንጋይ
ሐ. በ3 ቮልት የሚጮህ ትንሽ ባዘር (ከተበላሸ መጫወቻ ሊነቀል ይችላል)
መ. የመዳብ ሽቦ፣ ሲባጎ፣ ፕላስተርና ቁራጭ ፕላስቲክ

አሠራር

1. የሁለት ሽቦዎችን ጫፍ ልጠን በመቆንጠጫው ሁለት ከንፈሮች ላይ ለየብቻ እንጠቀልላለን። መቆንጠጫው ሲዘጋ መዳቦቹ መነካካት አለባቸው።
2. ሁለቱን ድንጋዮች የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር አያይዘን በፕላስተር እናስራለን። በድምሩ 3 ቮልት ይሰጣሉ።
3. ከመቆንጠጫው አንዱን ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከባዘሩ ቀይ ሽቦ ጋር እናገናኛለን። የባዘሩ ጥቁር ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይሄዳል።
4. መቆንጠጫውን በመቃኑ ላይ አጥብቀን፣ ፕላስቲኩን በከንፈሮቹ መካከል እናስገባለን። ፕላስቲኩን በሲባጎ ከበሩ ጋር እናስራለን።

በሩ ሲከፈት ሲባጎው ፕላስቲኩን ይጎትታል፤ መዳቦቹ ይገጥማሉ፤ ባዘሩ ይጮሃል። ሌባው ደንግጦ በሩን መልሶ ቢዘጋውም ፕላስቲኩ ስለወጣ ጩኸቱ አይቆምም። በሩ እስኪከፈት ድረስ መስመሩ የተቋረጠ ስለሆነም ባትሪው አያልቅም።

ካልጮኸስ? የተላጠው ጫፍ ዝጎ፣ ድንጋዩ ተገልብጦ፣ ወይም ቀይና ጥቁሩ ተለዋውጦ ሊሆን ይችላልና አንድ በአንድ እናጣራ።

ለሌላ አገልግሎት

ውኃ በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት በሚመጣበት ሠፈር እናቶች እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ። ለነሱም ይህ መሣሪያ ይበጃል። መቆንጠጫውን ከቧንቧው በላይ፣ ውኃ በማይረጭበት ቦታ ግድግዳ ላይ እናስርና ቧንቧውን ከፍተን በሥሩ ባዶ ጣሳ በሲባጎ እናንጠለጥላለን። ውኃው ሲመጣ ጣሳው ይሞላል፣ ይከብዳል፣ ፕላስቲኩን ይጎትታል፤ ደወሉ ይቀሰቅሰናል። ጣሳው ቢወድቅ ሥሩ ያለው በርሜል ይቀበለዋል።

መስማት የተሳነው ሰው ባለበት ቤት ደግሞ በባዘሩ ፈንታ የእጅ ባትሪ አምፖል ይገባል። ድምፁ ብርሃን ሆነ ማለት ነው።

ጥንቃቄ

አንደኛ፣ ይህን መሣሪያ ከ220 ቮልት የቤት መብራት ጋር ማገናኘት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሰው ይገድላል። ሁለተኛ፣ ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ድንጋዩ ከደከመ ደወሉ ዝም ይላል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ይሞከር። ሦስተኛና ዋናው፣ ይህ ደወል የከሰልን አደጋ አያውቅም። አየር በሌለበት ቤት የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደማችን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ደወል አለኝ ብሎ ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሞትን መጥራት ነው። ራስ ምታትና ማዞር ከተሰማን ቶሎ ወደ ውጭ እንውጣ።

ለክፍል ውይይት

1. በፕላስቲኩ ፈንታ ሚስማር ብናስገባ ምን ይሆናል? ለምን?
2. ሽቦው ሲበጠስ የሚጮህ ደወል እንዴት ይሠራል? ባትሪውስ እንደዚህኛው ይቆያል?

መልሱን ለተማሪ ከመንገር በፊት መቆንጠጫውን በእጁ እንስጠው። ሠርቶ ያየውን አይረሳውም።