አብሮ ማየት፣ አብሮ መማር

ለአንድ ገበሬ አዲስ ዘር ቢሰጠው ምን ያደርጋል? አስቀድሞ የጎረቤቱን ማሳ ያያል። ጎረቤቱ ካልዘራው እሱም ይፈራል። መፍራቱ ተገቢ ነው። ዘር ሳይሆን ቢቀር የሚጠፋው የአንድ ቀን ድካም አይደለም፤ የቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው። ስለዚህ ገበሬ «ይህ ዘር ጥሩ ነው» ስለተባለ ብቻ አይዘራም። በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።

ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ክረምት ስንት ዓይነት ዘር ሊሞክር ይችላል? አንድ ወይም ሁለት። ብዙ ሰው አብሮ ሲያይ ግን የብዙ ዓመት ትምህርት በአንድ ክረምት ይገኛል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ቀጥለን እናነባለን።

የሀገረ ሰላም ማሳ

ሀገረ ሰላም ከመቐለ በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በ2004 ዓ.ም. ክረምት እዚያ 400 ዓይነት ስንዴ ተዘራ። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ትንሽ መደብ ነበረው። ከዘሮቹ የሚበዙት የሀገራችን ገበሬዎች ከአባት ከአያት ሲዘሩዋቸው የኖሩ ነባር ዘሮች ናቸው። ተሰብስበው አዲስ አበባ በሚገኘው የዘር ባንክ ተቀምጠው ነበር። ባንክ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ዘር እንዳይጠፋ በቅዝቃዜ የሚጠበቅበትም ባንክ አለ። ጥቂቶቹ ዘሮች ደግሞ በምርምር የተሻሻሉ ነበሩ።

ሥራውን የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ አካሄደው። በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ፣ ገረገራ በተባለው ቦታም እንዲሁ ያለ ማሳ ተዘጋጀ።

ተመራማሪዎቹ ቁመቱን ለኩ፤ ፍሬውን መዘኑ። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። ስንዴውን ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጋግሮ የሚበላው ገበሬው ነው። ስለዚህ በየቦታው 30 ገበሬዎች ተጠሩ። 15 ወንዶች፣ 15 ሴቶች ነበሩ።

ገበሬዎቹ አምስት አምስት ሆነው በየመደቡ እየቆሙ ተመለከቱ። ስንዴው ቶሎ ይደርሳል ወይ? ዛላው እንዴት ነው? ከአንድ ሥር ስንት አገዳ ያወጣል? በጠቅላላው ሲታይስ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ እያንዳንዱ ሰው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጠ። የእያንዳንዱም ነጥብ ለየብቻው ተጻፈ።

ምን ተገኘ? ከነባሮቹ ዘሮች አንዳንዶቹ ከተሻሻሉት በልጠው ተገኙ። የአባቶች ዘር ስለሆነ ብቻ የሚናቅ እንዳልሆነ ታወቀ። ከጊዜ በኋላ ወሃቢትና ርግኣት የተባሉ ሁለት ነባር የስንዴ ዘሮች ተመርጠው በይፋ እንዲሰራጩ ተፈቀደ። ወሃቢት ማለት ሰጪ ማለት ነው።

ነጥቡ ለምን ለየብቻ ይጻፋል?

በስብሰባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ማነው? ሽማግሌው፣ ባለጸጋው ወይም አፈ ጮሌው ነው። እሱ «ይህ ይሻላል» ካለ ሌላው «እውነት ነው» ይላል። ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ሠላሳ ሰው ቢሰበሰብም ያየው አንድ ዓይን ብቻ ነው።

አንዱ ስለ ገለባው ያስባል፤ በሬው ምን ይበላል? አንዷ ስለ ዱቄቱ ታስባለች፤ ሊጡ ይበረክታል ወይ? ሌላው ዝናብ ቀድሞ የሚያቋርጥበት መሬት ስላለው ቶሎ የሚደርሰውን ይፈልጋል። ሁሉም ልክ ናቸው። መጀመሪያ እያንዳንዱ በራሱ ዓይን ይመልከት። ከዚያ በኋላ ይከራከሩ።

ከሩቅ ሀገር የተገኘ ትምህርት

በኢንዶኔዥያ ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬዎች ለተባይ ብዙ መርዝ ይረጩ ነበር። መርዙ ግን ተባዩን የሚበሉትን ሸረሪቶች ጨረሰ። ተባዩም ጠላት ሲያጣ ይበልጥ በዛ። በ1979 ዓ.ም. የሀገሪቱ መንግሥት 57 ዓይነት መርዞች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ። ነገር ግን ክልከላ ብቻ አያስተምርም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1989 የገበሬዎች የማሳ ትምህርት ቤት ተጀመረ።

ይህ ትምህርት ቤት ጣሪያም ወንበርም የለውም። ሃያ፣ ሃያ አምስት ያህል ገበሬዎች ከዘር እስከ አጨዳ በየሳምንቱ ማሳ ላይ ይገናኛሉ። ተክሉንና ትሉን ያያሉ። ያዩትን በወረቀት ላይ ይስላሉ። ከዚያም ምን እናድርግ ብለው ይወያያሉ። ሸረሪት ተባዩን ስትበላ በዓይኑ ያየ ሰው መርዝ ለመርጨት አይቸኩልም። ይህ ዘዴ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቶ ኢትዮጵያም ገብቷል።

አወያይ ምን ይሠራል?

አወያይ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው አይደለም። ገበሬው «ይህ ትል ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «የት አገኘኸው? ምን ሲበላ አየኸው?» ብሎ መልሶ ይጠይቃል። አፈ ጮሌውን ያሳርፋል፤ ዝም ያለችውን ያናግራል። ጥያቄው እንዳይረሳም ይጠብቃል። ጥሩ አወያይ ትንሽ ይናገራል፤ ብዙ ያዳምጣል።

እኛስ እንዴት እንጀምር?

ወፈራን፣ ደቦን፣ ዕድርን እናውቃለን። ጉልበትና ገንዘብ ማዋጣት ለምደናል። ዓይንና ሐሳብ ማዋጣትም እንዲሁ ነው።

1. አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ፦ ከሦስት የገብስ ዘሮች ለመሬታችን የቱ ይስማማል?

2. ማሳውን በሙሉ አትስጡ። በትንሽ መደብ፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀን ዝሩ። መሬቱና እንክብካቤው አንድ ዓይነት ይሁን።

3. እስከ አጨዳ ድረስ በየጊዜው አብራችሁ እየሄዳችሁ እዩ።

4. እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ነጥብ ይስጥ። መጻፍ የማይችል በባቄላ ይቁጠር፤ ለደካማው አንድ ባቄላ፣ ለጥሩው አምስት።

5. የተዘራበትን ቀን፣ ዝናብ ያቋረጠበትን ቀን፣ የተገኘውን ምርት ጻፉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው።

የተሞከረው ዘር ባይሆንስ? ያም ትምህርት ነው። በአንዲት መደብ ላይ የታየ ጥፋት የመንደሩን ሁሉ ማሳ ያድናል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ!

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ገበሬ አዲስ ዘር ለመዝራት የሚፈራው ለምንድን ነው?

2. በሀገረ ሰላም የእያንዳንዱ ሰው ነጥብ ለየብቻ ባይጻፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

3. በእናንተ መንደር ስብሰባ ብዙ የሚናገሩት እነማን ናቸው? ዝም የሚሉትስ?

4. በመጪው ክረምት አብራችሁ ልታዩት የምትፈልጉት አንድ ጥያቄ ምንድን ነው? ተነጋገሩና በደብተራችሁ ጻፉት።