ገጹ በየትኛው ስም ይፈለጋል? ቁልፍ ቃላትና የመፈለጊያ ፕሮግራሞች

«ባሌ» የሚለውን ቃል በኢንተርኔት መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ የጻፈ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ስለ ባሌ ተራሮች ማወቅ የሚሻ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ስለ ትዳሯ ምክር የምትፈልግ ሴትም ጥያቄዋን የምትጀምረው «ባሌ» ብላ ነው። ቃሉ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በእንግሊዝኛ የታሰረ ድርቆሽ ማለት ሲሆን፣ የዌልሱ እግር ኳስ ተጫዋች የጋሬዝ ቤል የቤተሰብ ስምም በዚያው አጻጻፍ ይጻፋል። ሮቤም ከዚህ አታመልጥም። በአርሲ ሌላ ሮቤ አለች፤ በደቡብ አውስትራሊያ በላቲን ፊደል ልክ እንደ እርሷ የምትጻፍ የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ካባ ማለትም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የባሌው ቱሉ ዲምቱ እንኳ ስሙን በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ከሚገኝ ሰፈር ጋር ይጋራል።

ይህ ለቀልድ ያህል የቀረበ አይደለም። በዲንሾ የሚኖሩ አስጎብኚዎች ወይም በሐረና ጫካ ቡና የሚለቅሙ ገበሬዎች ተሰባስበው አንድ ድረ ገጽ ቢከፍቱ፣ ፈላጊው ሰው ከሚቀርቡለት ውጤቶች የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ብቻ አይቶ ይወስናል። ገጻቸው በአሥረኛው ረድፍ ከተገኘ እንግዳው የሚደውለው ለሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ባሌን ረግጦ ለማያውቅ ደላላ ነው። ስለዚህ ደረጃው በምን እንደሚወሰን መረዳት ይጠቅማል። እንደ ፊዚክስ መምህር የሚማርከኝም ነገሩ ከሞላ ጎደል በሎጋሪዝም የሚገለጽ መሆኑ ነው።

በተለምዶ ሰርች ኢንጅን የሚባሉት የመፈለጊያ ፕሮግራሞች ጥያቄ ሲቀርብላቸው ዓለምን ዞረው አያስሱም። አሰሳው አስቀድሞ ተከናውኗል። ፕሮግራሙ ገጾችን ካነበበ በኋላ በመጽሐፍ መጨረሻ እንደምናየው ዓይነት የቃላት ማውጫ ያዘጋጃል፤ በእያንዳንዱ ቃል ትይዩ ቃሉ የሚገኝባቸው ገጾች ይዘረዘራሉ። «ሮቤ ጎባ ሆቴል» ብለን ስንጠይቅ ሦስቱን ዝርዝሮች አውጥቶ ያመሳክራል። እንግዲህ ማንኛውም ገጽ ሊገኝ የሚችለው በዋነኛነት ባለቤቱ በጻፋቸው ቃላት ነው።

ይሁን እንጂ ቃላት ሁሉ እኩል ክብደት የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1972 ካረን ስፓርክ ጆንስ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪ አንድ ቀላል ሐሳብ አቀረቡ፤ ቃሉ የሚገኝባቸው ጽሑፎች ባነሱ ቁጥር የቃሉ ዋጋ ከፍ ይላል። ልኬቱ የጠቅላላው ጽሑፍ ብዛት ቃሉ ላለባቸው ጽሑፎች ብዛት ተካፍሎ የሚገኘው ሎጋሪዝም ነው። ለምሳሌ ያህል የ1,000,000 ገጾች ስብስብ አለን እንበል። «ተራራ» በ100,000 ገጾች ውስጥ ቢገኝ ክብደቱ የ10 ሎጋሪዝም፣ ማለትም 1 ይሆናል። «ሳነቴ» በ100 ገጾች ብቻ ቢገኝ ክብደቱ 4 ነው። ሎጋሪዝም የተመረጠበት ምክንያት በስታቲስቲካዊ መካኒክስ ኤንትሮፒን ስናጠና ከምናየው ጋር ይመሳሰላል፤ ራሳቸውን የቻሉ ሁኔታዎች ዕድላቸው ሲባዛ ሎጋሪዝማቸው ይደመራል። «ሮቤ» ብቻውን አሻሚ ነው፤ «ሮቤ» ከ«ጎባ» ጋር ሲጣመር ግን የአርሲውም የአውስትራሊያውም ወዲያው ይወገዳሉ። የአስጎብኚዎቹ ገጽ «በኢትዮጵያ የሚገኝ ውብ ተራራ» ከሚል ይልቅ «ከሮቤ ወደ ዲንሾ፤ ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ» ቢል የሚያተርፈው ለዚህ ነው።

ታዲያ «ሳነቴ» የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ ብንደጋግመውስ? በ1990ዎቹ ስቲቨን ሮበርትሰንና ባልደረቦቻቸው በለንደን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ኦካፒ በተባለው የመፈለጊያ ሥርዓት ላይ ሲሠሩ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቀመር አዳብረዋል። የገጹን ርዝመት ለጊዜው ብንተወው፣ የድግግሞሹን ቁጥር በ2.2 አባዝተን ለድግግሞሹና ለ1.2 ድምር እናካፍላለን። ቃሉ አንድ ጊዜ ሲጻፍ ውጤቱ 1 ነው። ሁለት ጊዜ ሲጻፍ 1.38፣ አምስት ጊዜ 1.77፣ አሥር ጊዜ 1.96፣ መቶ ጊዜ ሲጻፍ ደግሞ 2.17 ይሆናል። የፈለገውን ያህል ቢደጋገም 2.2ን አያልፍም። ካፓሲተር ቻርጅ ሲደረግ ቮልቴጁ ወደ ባትሪው ቮልቴጅ እየተጠጋ እንደሚሄድ ሁሉ፣ እዚህም አብዛኛው ጥቅም የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ነው።

ቀመሩን ያላወቁ፣ ወይም ፕሮግራሙን ለማታለል የፈለጉ ሰዎች በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም ቃላትን እስከ መደርደር ደርሰው ነበር። የመፈለጊያ ፕሮግራሞች ዛሬ እንዲህ ያለውን ገጽ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ወይም ጨርሰው ይሰርዛሉ። በገጹ ኮድ ውስጥ ተደብቆ የሚጻፈውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝርም ጉግል ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ አስታውቋል። ይህን ዝርዝር እንሞላለን ብለው ዛሬም ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች መኖራቸው ያስገርማል።

በአማርኛ ሲሆን ጉዳዩ ሌላ ገጽታ ይይዛል። አንደኛ፣ መስተዋድዶቻችን ከስም ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። ለእኛ «ሮቤ»፣ «በሮቤ»፣ «ከሮቤ» እና «የሮቤን» አንድ ስም ናቸው፤ የአማርኛን ሰዋስው ላልተማረ ፕሮግራም ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለሆነም በርእሱ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ስሙን ያለ ቅጥያ መጻፍ ይመከራል። ሁለተኛ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት አሉን። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ሠንጠረዥ ውስጥ ሀ ቁጥሩ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ ደግሞ 4736 ነው። ኮምፒውተሩ የሚያነጻጽረው ቁጥሩን እንጂ ድምፁን አይደለም። «የፀሐይ ኃይል» የሚለውን እንመልከት። ለ«ፀ» 2፣ ለ«ሐ» 6፣ ለ«ኃ» 6 አማራጭ ስላለ ሐረጉ በ72 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ፊደላቱን አስቀድሞ አንድ የማያደርግ ፕሮግራም በአንዱ አጻጻፍ ሲጠየቅ ሰባ አንዱን አያያቸውም። ከዩኒኮድ በፊት በየኩባንያው ፎንት የተጻፉ ጽሑፎችና ፎቶ ተነሥተው የተለጠፉ በራሪ ወረቀቶችማ ከነጭራሹ ላይገኙ ይችላሉ።

የቦታ ስሞቻችንም አልተረጋጉም። ሳነቴ «ሳኔቲ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሶፍ ዑመር «ሶፍ ኡመር» እና «ሶፍ ኦመር» ይባላል። በሮቤ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ስም «መደ ወላቡ» እና «መዳ ወላቡ» እየተባለ ሲጻፍ ይታያል። በእኔ አስተያየት አንዱን አጻጻፍ መርጦ በርእሱ ላይ ማጽናት፣ ሌላውን ደግሞ «… ተብሎም የሚጻፈው» በማለት በመጀመሪያው አንቀጽ አንድ ጊዜ መጥቀስ ይበቃል። ለሰውም ለፕሮግራሙም ሐቀኛ ነው።

ከአጻጻፍ የባሰው የትርጉም ችግር ነው። ከዓለም ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። አንድ የባሌ ልጅ ስለ እንስሳው ጥሩ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ስሙን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው፣ ያ የእንግሊዝኛ ስም በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብዛት የሚገኝ ሌላ እንስሳ መጠሪያ ነው። ገጹ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ የማይመለከቱት ገጾች መካከል ይሰጥማል። ፈረንጆቹ የሚፈልጉት «የኢትዮጵያ ተኩላ» ብለው ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ ከሰሜን ተራሮች የተወሰደ ነው፤ በኦሮምኛ ጄደላ ፈርዳ ይባላል። የገጹ አዘጋጅ ራሱ እንስሳውን በምን ስም እንደሚያውቀው ሳይሆን ፈላጊው በምን ስም እንደሚጠይቅ ማሰብ አለበት።

ቁልፍ ቃል ብቻውን ሁሉን አይሠራም። ሰርጌ ብሪንና ላሪ ፔጅ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ሌሎች ገጾች ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክቱባቸው ማያያዣዎች እንደ ድምፅ ይቆጠራሉ፤ የታወቀ ተቋም ማያያዣ ደግሞ ይበልጥ ይመዝናል። የቃላትን ትርጉም ከዐውዱ የሚገምቱ ፕሮግራሞችም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በጉግል ሥራ ላይ ውለዋል። ነገር ግን የሚማሩት ከተጻፈ ነገር ስለሆነ ጥቂት ጽሑፍ ባላቸው ቋንቋዎች ችሎታቸው ደካማ ነው፤ ለአማርኛና ለኦሮምኛ ገጽ ትክክለኛው ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ገና ብዙ ሸክም ይሸከማል።

ለአንባቢያን መልመጃ ይሆን ዘንድ አንድ ጥያቄ እነሆ። በባሌ ወንዞች ከውጭ ገብቶ የተለቀቀ ትራውት የተባለ ዓሣ አለ። «ዓሣ» የሚለው ቃል ድምፁን ሳይለውጥ በስንት መንገድ ሊጻፍ ይችላል? ቃሉ ከ1,000,000 ገጾች በ8,000 ውስጥ ቢገኝና ገጾቹ በአጻጻፎቹ መካከል እኩል ቢከፋፈሉ፣ ፊደላቱን አንድ የሚያደርግ ፕሮግራምና አንድ የማያደርግ ፕሮግራም ለቃሉ የሚሰጡትን ክብደት አስሉና ልዩነቱን አነጻጽሩ።