በቡና ግንድ ላይ የሚበቅለውን መለየት፦ ሞስ፣ የዛፍ ሽበት እና ተቀጽላ



ከክረምት በኋላ በጥላ ሥር ያለ የቡና ማሳችሁን ስትጎበኙ ግንዱ አረንጓዴ ለብሶ፣ ግራጫ ነገር ተለጥፎበት ወይም ባዕድ ቅጠል በቅሎበት ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ለሁሉም የሚወሰደው እርምጃ አንድ ነው፤ በቢላ መፋቅ። ቢላው ግን ቅርፊቱን ያቆስላል። ቡናን የሚያደርቀው የግንድ በሽታ (ትራኪዮማይኮሲስ) የሚገባው ደግሞ በእንዲህ ያለ ቁስል ነው። ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት ለዩ።

ሞስ

ግንዱን እንደ ምንጣፍ የሚያለብሰው፣ አገዳና ጥቃቅን ቅጠል ያለው ለስላሳ አረንጓዴ ተክል ሞስ ይባላል። አበባም ዘርም የለውም፤ የሚራባው ስፖር በሚባል ዱቄት መሰል ነገር ነው። ክር የመሰሉት መያዣዎቹ ቅርፊቱን ለመጨበጥ ብቻ ናቸው እንጂ ከቡናው ምግብ አይመጥጡም። ኑሮው ከዝናብ፣ ከጉምና ከአቧራ በሚያገኘው ነው። በበጋ ደርቆ የተኮማተረውን ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ቅጠሉን ዘርግቶ ይለመልማል።

አጉሊ መነጽር ካገኛችሁ አመዳደቡን ሞክሩ። አገዳው ቀጥ ብሎ ቆሞ የስፖር ከረጢቱን ጫፉ ላይ የሚያወጣው አንዱ ወገን ነው። ቅርፊቱ ላይ እየተሳበ ቅርንጫፍ የሚያበዛውና ከረጢቱን ከጎኑ የሚያወጣው ሌላው ነው። ቅጠሉ በሁለት ረድፍ ጠፍጠፍ ብሎ ከተደረደረና መሃል ለመሃል መስመር ከሌለው፣ የሞስ ዘመድ የሆነው ሊቨርዎርት ሊሆን ይችላል። የዝርያውን ስም ለማወቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቅጠሉን ሴሎች በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። ማሳ ላይ ቆሞ በችኮላ ስም የሚሰጣችሁን፣ እኔም ብሆን፣ አትመኑ።

የዛፍ ሽበት

ግራጫ ወይም ነጣ ያለ፣ እንደ ጢም የተንጠለጠለ ወይም እንደ ቅርፊት የተለጠፈ ነው። አገዳም ቅጠልም የለውም፤ ፈንገስና አልጌ ተባብረው የሚኖሩበት አካል ነው። እሱም ቡናውን አይበላም።

ተቀጽላ

እውነተኛው ሌባ ይህ ነው። ወፍራም ቅጠል፣ አበባና ፍሬ አለው። ሥር መሰል አካሉን እንጨቱ ውስጥ ሰክቶ የቡናውን ውሃና ማዕድን ይወስዳል። የሚያጣብቅ ዘሩን ወፎች ከዛፍ ዛፍ ያዳርሱታል። ቅጠሉን ብቻ መቁረጥ ዋጋ የለውም፤ እንደገና ያቆጠቁጣል። ፍሬ ሳያፈራ፣ ከተሰካበት ቦታ ወደ ግንዱ ወረድ ብላችሁ ቅርንጫፉን ጭምር ቁረጡ።

ሞስ ፍሬ የሚይዙ ቅርንጫፎችን ሁሉ ከሸፈነስ? ጥላው በዝቷል፣ አየር አይዘዋወርም፣ ወይም ቡናው አርጅቷል ማለት ነው። ጸረ-ፈንገስ ኬሚካል ገዝታችሁ ገንዘብ አታባክኑ። ከለቀማ በኋላ ጥላውን ቀንሱ፤ ያረጀውን ግረዙ ወይም ጎንድሉ። ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው ስታልፉ መቁረጫውን በእሳት ለብለብ አድርጉት።

መለየት ያቃታችሁን ናሙና በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስጡ። በፌስታል አትያዙት፤ ይሻግታል። ፖስታው ላይ ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የበቀለበትን ዛፍና ከመሬት ያለውን ከፍታ ጻፉ።