የዓይን ጉድጓድ በሮች፤ በነሱ የሚያልፉት ነርቮችና የደም ሥሮች

ሕክምና የምንማር አባሎች በጥናት ክበባችን ውስጥ ደጋግሞ ያስቸገረን ርእስ ቢኖር የዓይን ጉድጓድ ነው። የነርቮቹን ስም እንደ ዳዊት ደግመን በቃላችን ይዘን ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ፈታኝ የራስ ቅል አስጨብጦን፣ «ይህ ሰው ዓይኑን ወደ የትም ማዞር አይችልም፤ ግን ያያል። ጉዳቱ ከየት ላይ ነው?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ መልስ አጣን። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ዝርዝሩን ለመድገም ሳይሆን አቀማመጡን ለማስረዳት ነው። የራስ ቅል ያላችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ብታነቡ ይመረጣል።

የዓይን ጉድጓድ በ7 አጥንቶች የተሠራ፣ አፉ ወደ ፊት የሰፋ፣ ጫፉ ወደ ኋላ የጠበበ ነው። ከጠባቡ ጫፍ በኩል ሦስት ዋና ዋና በሮች አሉት።

አንደኛው የእይታ ነርቭ ቦይ ነው። ስፌኖይድ በሚባለው አጥንት ትንሹ ክንፍ ውስጥ ያልፋል። 2ኛው ነርቭ፣ ማለትም የእይታ ነርቭ፣ የአንጎልን ሽፋኖች እንደ ለበሰ ሲያልፍ የዓይን ደም ቅዳ ከሥሩ ሆኖ አብሮት ይገባል። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ስለ ዓይን አሥር ድርሳናት የጻፈው ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ፣ የጋለንን ትምህርት ተከትሎ ይህን ነርቭ ውስጡ ክፍት ነው ብሎት ነበር። ክፍት አይደለም። ሽፋኖቹ ግን እስከ ዓይን ኳስ ድረስ ስለሚዘልቁ፣ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲጨምር የነርቩ ራስ አብጦ በመመርመሪያ መሣሪያ ይታያል።

ሁለተኛው በስፌኖይድ ትንሹና ትልቁ ክንፍ መካከል ያለው የላይኛው ስንጥቅ ነው። ብዙዎቻችንን የሚያደናግረውም ይኸው ነው። ቁልፉ ጀርመናዊው ሐኪም ዚን በ1755 የገለጸው የጅማት ቀለበት ነው። አራቱ ቀጥ ያሉ የዓይን ጡንቻዎች የሚነሡት ከዚህ ቀለበት ሲሆን፣ ቀለበቱ የእይታ ነርቭን ቦይና የስንጥቁን መካከለኛ ክፍል ያቅፋል። በቀለበቱ ውስጥ የ3ኛው ነርቭ ሁለት ቅርንጫፎች፣ 6ኛው ነርቭ፣ እንዲሁም ናዞሲሊያሪ የተባለው የ5ኛው ነርቭ ቅርንጫፍ ያልፋሉ። ከቀለበቱ ውጭ በላይ በኩል ወደ ግንባርና ወደ እንባ ዕጢ የሚሄዱት የ5ኛው ቅርንጫፎች፣ 4ኛው ነርቭና የላይኛው የዓይን ደም መልስ ይገባሉ።

ይህ ልዩነት የወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ከዓይን ኳስ ጀርባ፣ በጡንቻዎቹ መካከል ሲወጋ 3ኛውና 6ኛው ሲደነዝዙ 4ኛው ሊያመልጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌላው እንቅስቃሴ ቆሞ ሳለ ዓይኑ በቦታው ሲሽከረከር ይታያል።

እንግዲህ ወደ ፈታኙ ጥያቄ እንመለስ። ጉዳቱ ከላይኛው ስንጥቅ ላይ ከሆነ 3ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ስለሚሽመደመዱ ዓይኑ ይቆማል፣ ቆቡ ይወድቃል፣ ብሌኑ ይሰፋል፣ ግንባሩም ይደነዝዛል። የእይታ ነርቭ የራሱ ቦይ ስላለው ግን ሰውዬው ያያል። እይታውም አብሮ ከደከመ ጉዳቱ ሁለቱን በሮች ይዟል፤ ማለት ከጉድጓዱ ጫፍ ላይ ነው።

ሦስተኛው የታችኛው ስንጥቅ ነው። በዚህ የሚገባው የ5ኛው ነርቭ ሁለተኛ ቅርንጫፍ በጉድጓዱ ወለል ተጉዞ ከዓይን በታች ወደ ጉንጭ ይወጣል። በቡጢ ወይም በኳስ የተመታ ሰው ጉንጩና የላይ ከንፈሩ ከደነዘዘ ወለሉ እንዳይሆን የተሰበረው ማሰብ ይገባል።

ስለ ደም መልሶቹ ጥቂት እንጨምር፤ መኝታ ቤታችን ድረስ የሚመጣ ጉዳይ ነውና። የፊት ደም መልስ ከዓይን ውስጠኛ ማዕዘን አጠገብ ከላይኛው የዓይን ደም መልስ ጋር ይገናኛል፤ ይህም በላይኛው ስንጥቅ አልፎ ካቬርነስ ሳይነስ ወደሚባለው የደም ማጠራቀሚያ ይገባል። በአፍንጫ ወይም በላይ ከንፈር ላይ የወጣን እባጭ ማፍረጥ የሚከለከለው መግሉ በዚሁ መንገድ ወደ ውስጥ ሊሄድ ስለሚችል ነው። 6ኛው ነርቭ በማጠራቀሚያው መካከል ስለሚያልፍ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። እባጭ ያፈረጠ ጓደኛችሁ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት፣ ቆቡ አብጦ፣ ዓይኑን ወደ ውጭ ማዞር ካቃተው እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።