የመጠጥና የጫት ሱስ ስለሚታከምበት መንገድ

ሱስ ማለት ሰው የለመደውን ነገር ልተወው ቢል እንኳ ሰውነቱ እንቢ የሚልበት ደዌ ነው። ብዙ ሰው ግን ደዌነቱን አይቀበልም፤ ሰካራሙን ባለጌ ብሎ ይሰድበዋል እንጂ ወደ ሐኪም አይወስደውም። ስድብም ሰካራምን ሲያድን አልታየም።

ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ባለችው በቱላና በዙሪያዋ፣ ከእንሰትና ከቡና ጋራ ጫት ይተከላል። ቃሚውን የሚያነቃው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር ነው። ኃይሉም ቅጠሉ በተቆረጠ በሁለት ቀን ያህል ስለሚደክም ነጋዴው ይቸኩላል። ቃሚው ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለው ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ይጠጣል፤ ይህንንም ጨብሲ ይሉታል። እንዲህ እያለ በአንዱ ሱስ ላይ ሁለተኛውን ይደርባል።

የሁለቱ አተዋወ ግን አንድ አይደለም። ጫት የተወ ሰው ጥቂት ቀን ይከፋዋል፤ እንቅልፍ ያበዛል፤ ቅዠትም ያስቸግረዋል። ለብዙ ዓመት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን በድንገት ቢያቆም አደጋው ታላቅ ነው። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። በ2 ቀን ውስጥም እንደሚጥል በሽታ ያለ ሊጥለው ይችላል። አንዳንዱ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን የሌለ ነገር እያየ ይቃዣል። ያን ጊዜ ዘመዶቹ ጋኔን ያዘው ብለው በር ይዘጉበታል፤ እርሱ ግን ሳይታከም ከቀረ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው መጠጡን ከማቆሙ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። ሕመሙ ከባድ ሲሆን ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል፤ በአዲስ አበባም የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሐኪሙ ዲያዜፓም የሚባለውን መድኃኒት በልክ ሰጥቶ በየቀኑ ልኩን ይቀንሳል። ስካር ቲያሚን የሚባለውን ቪታሚን ስለሚያሳጣና ጉድለቱም አእምሮን ስለሚጎዳ ይህንንም ይጨምርለታል። ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ በእነዚያ ቀኖች ምግብና ውሃ አይከልከል።

ይህም ሰውነቱን ከመጠጡ ማላቀቅ ብቻ ነው። ምክሩና ክትትሉ ወራት ይፈጃል፤ መልሶ የጠጣም ሰው ወባ እንዳገረሸበት ሕመምተኛ ተቆጥሮ እንደገና ይታከማል።

ወደ ሐኪም ሲሄድ የሚያውቀው ዘመድ ይከተለው። ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣና የመጨረሻውን መቼ እንደ ጠጣ ነው፤ ሕመምተኛው ግን ብዙ ጊዜ አሳንሶ ይናገራል። በቤቱ መጻፍ የሚችል ልጅ ካለ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት ይጻፍለት።